የዳኛው ካባ ልክ

ሐሙስ፣ ግንቦት 14 ቀን
ከልብስ ስፌት ቤቱ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ጉልበቴን ከማመሙ በቀር ደህና ነኝ። ጽሕፈቴ ቢጣመም እጄ ተንቀጥቅጦ እንዳይመስልሽ፤ የምጽፈው መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ነው፣ እሱም እንደ እኔ አንድ እግሩ አስቸግሮታል። አክስትሽ ደውላ የወንድምሽን ማረፍ ስትነግርሽ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ድምፅሽን ከሰማሁ ሃያ አምስት ዓመቴ፤ በለቅሶ ሰማሁት። ከእሱ ጋር በየሳምንቱ እንደምታወሩ አውቃለሁ። ስልኩን ይዞ ወደ በረንዳ ሲወጣ ስፌት መኪናዬን አቆም ነበር፤ ግን አንድም ቀን ጠብ ያለልኝ ነገር የለም።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት ለኩላሊት እጥበቱ አብረን ሄድን። ነርሷ መርፌውን ስታዘጋጅ፣ «ዳኛው፣ ዛሬስ ምን ትፈርድብኛለህ?» አለችው። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሞልቶት፣ ጺሙ ሸብቶ፣ ሰው አሁንም ዳኛው ነው የሚለው።

«መርፌሽ ተወርሶ ለአባቴ እንዲሰጥ ፈርጃለሁ፤ እሱ በሁለት ቀን አንዴ ይሰብራል» አላት።

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ልቡ ቆመ፤ ሐኪሞቹ ቢረባረቡም አልመለስ አለ።

በማግስቱ ስንቀብረው የማላውቃቸው ጎልማሶች መጡ። ልጅ ሆነው በቴሌቪዥን ያዩት ናቸው። አንድ ራሰ በራ ሰውዬ «የልጅነት ጓደኛዬ ነበር» ብሎ ትከሻዬ ላይ ተንሰቀሰቀ። ወንድምሽ ሰውየውን አይቶት አያውቅም።

ዝግጅቱ ሲጀመር ሰባት ዓመቱ ነበር፤ የጎረቤት ጠብ የሚዳኝ፣ ካባ የለበሰ፣ እግሩ ከወንበሩ ወርዶ ወለል የማይነካ ልጅ። ካባውን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ሲያድግ እየፈታሁ አስረዝምለታለሁ ብዬ ጠርዙን አራት ጣት አጠፍኩት። በአሥራ አንድ ዓመቱም ያ እጥፋት እንዳለ ነበር። አዘጋጁ «እጅህ ይባረክ!» ይለኛል። እኔም ለደንበኛው ሁሉ «አራት ዓመት ሙሉ አንድ ካባ!» እያልኩ ጉራዬን እነዛለሁ። የስንቱን ቁመት ስለካ የኖርኩ ሰው፣ የልጄ ካባ አለማጠሩን የስፌቴ ጥራት አደረግሁት።

አንቺ ግን አየሽ። ምሳ እየበላን፣ «አባዬ፣ ይሄ ልጅ እኮ አላደገም። ታሟል። ከሥራው አስወጣው» አልሽኝ። ምን ብዬ እንዳባረርኩሽ አልደግመውም። ሻንጣሽን ይዘሽ ስትወጪ ካባው ላይ ቁልፍ እየተከልኩ ነበር፤ ቀና ብዬ አላየሁሽም።

ያን ቀን «ሐኪሙ ደህና ነው ብሏል» ብዬሽ ነበር። ብሏል። ለምን እንዳለ ግን አልነገርኩሽም።

ከሕፃንነቱ ኩላሊቱ ደካማ ስለሆነ በየስድስት ወሩ እናስመረምረው እንደነበር ታውቂያለሽ። በዚያ ዓመት ሐኪሙ የቁመት መለኪያው ተሰብሮበት፣ «ልብስ ሰፊ አባት እያለው እኔ ምን አለፋኝ? አንተው ለክተህ አምጣልኝ» አለኝ። የልክ ደብተሬን ይዤ ሄድኩ። የተጻፈው መቶ ስምንት ሴንቲ ነው፤ የአምናውም ያው። በር ላይ ተራ ስጠብቅ እርሳሴን ከጆሮዬ አውርጄ፣ ቁጥሩን ፍቄ መቶ አሥራ አራት አደረግሁት። ዓይኔን በጨው አጥቤ አሳየሁት። «ጎሽ፣ እያደገ ነው» አለ። እውነቱን ቢያይ አልጋ ያስይዘዋል፣ ቀረጻው ይቆማል ብዬ ፈርቼ ነው። ልጁም ሥራውን ይወደው ነበር፣ ይሄ ውሸት አይደለም። እርሳሱ ግን የእኔ ነበር።

በአሥራ ሦስት ዓመቱ ካሜራ ፊት ወደቀ። ሌላ ሐኪም፣ «ምነው ሁለት ዓመት ቀደም ብላችሁ በመጣችሁ» አለችኝ። ካባውን ለሌላ ልጅ ሰጡት፤ ያን እጥፋት የፈታሁት ያኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ ወንድምሽ እዚሁ ከጎኔ ተቀምጦ ቁልፍ ሲተክል ኖረ። ባለፈው ወር መደርደሪያውን ሲያስተካክል ያን ደብተር አገኘ። የፋቅሁት እንኳ በደንብ አልጠፋም። ፊቴ ዘርግቶ፣ «አባዬ፣ ይሄ የእኔ ልክ ነው?» አለኝ። ሁሉንም ነገርኩት። ሦስት ቀን ሙሉ ክሩን በጥርሱ እየበጠሰ ቁልፉን ብቻ ተከለ። በአራተኛው ቀን፣ «ይቅር ብዬሃለሁ» አለኝ። እጁን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ያዘኝ።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። የእሷን ግን እኔ ልሰጥህ አልችልም። እውነት ስለተናገረች ነው ያባረርካት። እኔ አልነግርልህም፤ ራስህ ጻፍላት።»

ዛሬ ነገ ስል ቀደመኝ። ምነው በሕይወቱ እያለ ጽፌ ባሳየሁት!

ያን የደብተሩን ገጽ ቀድጄ ከደብዳቤው ጋር ልኬልሻለሁ። በጀርባው ያንቺ ልክ አለ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመትሽ ላይ ለኮት የለካሁሽ። ኮቱ ሳይሰፋ ሄድሽ።

ይቅር በይኝ የምልበት አፍ የለኝም። ፈጣሪ ጤናሽን ይጠብቅልሽ፤ ልጆችሽንም በዕድሜም በቁመትም ያሳድግልሽ። ያለሽበት አገር ብርዱ አይጣል ነው ይላሉ። ግራጫ ሱፍ አስቀምጬልሻለሁ፤ ቁልፎቹን ወንድምሽ መርጦ በወረቀት ጠቅልሎ መሳቢያው ውስጥ ትቶልሻል። የትከሻሽንና የቁመትሽን ልክ ብቻ ጻፊልኝ። የላክሽልኝን ቁጥር እንዳለ እጽፈዋለሁ።

አባትሽ