የኤልዳና ሻንጣ

ማክሰኞ

እሺ አልኩ። ሽሮ እያማሰልኩ ሳለ እትዬ ጽጌ መጡና «የቤተ ክርስቲያናችን አንዲት እህት ቅዳሜ አዲስ አበባ ትበራለች። ልጅሽን እህትሽ ዘንድ ታድርስልሽ» አሉኝ። ማማሰሌን ሳላቆም እሺ አልኩ። «ጌታ ያቀለለልሽ መንገድ ነው» አሉ። ምግብ ቤቱ የእሳቸው፣ ከጓዳው ጀርባ ያለችው ክፍሌም የእሳቸው። እምቢ ብዬ ወዴት ልሄድ ነው?

የልጄ የኤልዳና አባት መኪናውን ይዞ ወደ ዩጋንዳ ከሄደ ወዲህ ስልኩ አይሠራም። ጠዋት ልጄን ለጎረቤቴ ለማማ ኬጂ ሰጥቼ እገባለሁ፤ ስወጣ መሽቷል። ከተሰደድኩበት ከዚህ ከሙኑኪ ሰፈር የማውቀው ከምድጃው እስከ በሩ ያለውን ነው።

ረቡዕ

እህቴ ደውላ ልጅቷን አገናኚኝ አለች። ኤልዳና ስልኩን ተቀብላ «ኬፍ? ኩዋይስ?» ብላ በዓረብኛ ሰላም አለቻትና ሮጠች። «አራት ዓመቷ እኮ ነው! አንድ የአማርኛ ቃል እንኳ አላስተማርሻትም?» አለችኝ እህቴ።

አብረን የምንሆነው እራት ላይ ብቻ ነው፤ እሱንም እያጎረስኳት እንቅልፍ ይወስዳታል። እህቴ እውነቷን ነው። ወለድኩ እንጂ አላሳደግኩም።

ሻንጣ ተውሼ መጣሁ። ሁለት ቀሚስ፣ ሹራብ (አዲስ አበባ ይበርዳታል)፣ ነጠላ ጫማ፣ አንድ ዓይኗ የጠፋ አሻንጉሊት። ግማሹ እንኳ አልሞላም።

ሐሙስ

ዝናብ። ግቢው ጭቃ በጭቃ። ለምሳ ሰው ሲሞላ ማማ ኬጂ ኤልዳናን ይዛ የጓዳው በር ላይ ቆመች። ተቆጥታለች። እትዬ ጽጌ አፍጥጠው ያያሉ። በቃ፣ ዛሬ ተባረርኩ አልኩ በልቤ።

ክሷ ይሄ ነው። ኤልዳና የማማ ኬጂን ልጆች በገዛ እጃቸው አላስበላ ብላለች። አሲዳውን፣ የእነሱን ገንፎ፣ እያድቦለቦለች አፋቸው ውስጥ ትከታለች፤ ትንሹ ጠግቤያለሁ ብሎ ቢያለቅስ እንኳ አትተወውም። «ደግሞ በሞቴ፣ በሞቴ ትላለች። ዴ ሹኑ? ምንድን ነው እሱ?»

«ካልበላህ እኔ ልሙት ማለት ነው» አልኳት በተሰባበረ ዓረብኛዬ።

ማማ ኬጂ ክው አለች። «ለአሲዳ?»

ሳቄ አመለጠኝ። ከሳቁ ጋር እንባዬም መጣ፤ ሽንኩርቱ ነው አልኳቸው።

ዓርብ

ያን ቃል ከእኔ በቀር ማንም ሊያስተምራት አይችልም። ተኝታለች ስል ትሰማኝ ነበር ለካ። በዚያች በምትናቅ እራት ላይ እናት ሆኜላታለሁ።

ከሰዓት እትዬ ጽጌን «ልጄን አልልካትም» አልኳቸው። «ክፍሏ የሠራተኛ ናት፤ የልጅ ማሳደጊያ አይደለችም። ሰኞ እንነጋገራለን» አሉ። ፈራሁ። ምሳዬንም አልበላሁም።

ቅዳሜ

አውሮፕላን በላያችን አለፈ። ያ ይሁን ሌላ አላውቅም። ኤልዳና በጣቷ እያሳየች ጨፈረች። እህቴ ደውላ ተቆጣች፤ ትቆጣ።

ሻንጣውን አልፈታሁትም። የእኔን ልብስ ጨመርኩበትና አሁን ሞላ። ሰኞ ውጪ ካሉኝ የምንወጣው አብረን ነው። ወዴት እንደሆነ አላውቅም።

እራት ፍርፍር ነበር። የሰኞው ነገር አስጨንቆኝ አልበላም አልኩ። ኤልዳና ጉልበቴ ላይ ወጥታ በትንሽ እጇ ጠቅልላ አፌ ላይ ደቀነችው።

«በሞቴ» አለችኝ።

አፌን ከፈትኩ።