ኪታብ ነው ብዬ የተውኩት ጋዜጣ

ማክሰኞ

ዋሸሁ። እንደገና። ሴትየዋ ከህንድ ደውላ «ጋዜጦቹ እርስዎ ዘንድ አሉ?» ስትለኝ፣ ምላሴ ቀድሞኝ «አሉ፣ በደህና ተቀምጠዋል» አልኩ።

ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር እቤቴ ያለው ደብተሩ ብቻ ነው። ጋዜጦቹ ከኮምቦልቻ ወዲያ፣ ደጋን ናቸው። ካሉ።

የደወለችው የሚስተር ጆሺ ልጅ ናት። ሚስተር ጆሺ ደሴ ተማሪ ሳለሁ እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ ህንዳዊ ናቸው። አባታቸው በእንግሊዞች ዘመን በትንሽ ከተማቸው ጋዜጣ ያሳትሙ ነበር። ስለ ነጻነት በመጻፋቸው ሁለት ጊዜ ታስረዋል፣ ማተሚያቸውም ተወርሷል። ሚስተር ጆሺ ወደ አገራቸው ሲመለሱ የአባታቸውን ሕይወት በእንግሊዝኛ የጻፉበትን ደብተርና ሦስት ጋዜጦች ሰጡኝ። «አንድ ቀን በአማርኛ ትጽፊዋለሽ» አሉኝ። ይኸው ጡረታ ወጥቼ እየጻፍኩ ነው።

አሳታሚው አንድ የምወድላቸው ጠባይ ነበራቸው። ሲሳሳቱ እርማቱን ፊት ገጽ ላይ፣ ከጋዜጣው ስም ሥር ያወጡት ነበር። ሌላው የኋላ ገጽ ላይ ነው የሚሸጉጠው።

ልጅቷ የምትለው ይህን ነው፦ አክስቷ፣ የአሳታሚው በሕይወት የቀረች ብቸኛ ልጅ፣ ዓይኗ ሊጠፋ ነው። ከዚያ በፊት የአባቷን ጋዜጣ አንድ ጊዜ ማየት ትፈልጋለች። እነሱ ቤት አንድም አልተረፈም።

እኔ ደግሞ «በደህና ተቀምጠዋል»!

ረቡዕ

ለባሌ ለኢድሪስ ዛሬ ነገርኩት። እስከ ዛሬ ጋዜጦቹ በሽሽቱ ጊዜ መንገድ ላይ የቀሩ ነበር የሚመስለው።

በጦርነቱ ጊዜ ከደሴ ሸሽተን፣ ግማሹን በመኪና ግማሹን በእግር፣ ደጋን ስንደርስ እማማ ዘምዘም የሚባሉ ገበሬ አሳደሩን። ጠዋት ጥቅሉ ከበደኝ፣ እግሬም አብጦ ነበር። አደራ ልስጥ ብል፣ አሮጌ ወረቀት ነው ብለው እሳት ቢያቀጣጥሉበትስ? ፊደሉን እንደሆነ በዚያ አገር የሚያውቀው የለም። ኢድሪስ ሳይሰማ «ኪታብ ነው» አልኳቸው። በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ፣ ሳሙት፣ ግንባራቸው ላይ አደረጉት። «አማና ነው፣ አብሽሪ» አሉኝ።

ያን ጊዜ የተሰማኝ እፍረት ነው እስከ ዛሬ ደጋን ድርሽ እንዳልል ያደረገኝ።

ኢድሪስ «ምን ያስጨንቅሻል? ኪታቤን ስጡኝ ብለሽ መምጣት ነው» አለ። እውነቱን ነው፣ ቀላል ነው። እንደዚያው አደርጋለሁ።

ሐሙስ

ከኢድሪስ ጋር ስንሄድ መንገድ ላይ የፈራኋቸው፦
ቤቱ ተቃጥሎ።
ጥቅሉን ምስጥ በልቶት።
እማማ ዘምዘም ሞተው።
እማማ ዘምዘም በሕይወት ኖረው።

ከኮምቦልቻ እስከ ደጋን ያስጨነቀኝ የመጨረሻው ነው።

አሉ። ጎበጥ ብለዋል እንጂ ደህና ናቸው። ገና ከደጅ ሲያዩኝ «የኪታቧ ልጅ!» አሉ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ጥቅሉ ግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ፣ ከሟች ባላቸው ከሸሁ ኪታቦች ጎን፣ በነጭ ነጠላ ተጠቅልሎ ተሰቅሏል። ሊያወርዱት ውዱእ አደረጉ። እኒያ አሮጊት፣ በዚያ ጉልበታቸው፣ ጎንበስ ብለው እግራቸውን ሲታጠቡ ቆሜ አየሁ።

ተቀብዬ ልወጣ ነበር። እጄም ተዘርግቶ ነበር። ከዚያ ሕይወታቸውን የምጽፈው አሳታሚ ትዝ አሉኝ። «ተሳስቻለሁ ብለህ አንድ መስመር ጻፍና ወደ ቤትህ ሂድ» እንግሊዞቹ ሲሏቸው «ስሳሳት እጽፈዋለሁ፣ አሁን ግን አልተሳሳትኩም» ብለው ታስረው ቀሩ። እኔ ደግሞ ተሳስቼም ዝም ልል!

«እማማ፣ አፉ ይበሉኝ። ኪታብ አይደለም፣ ጋዜጣ ነው። ዋሽቼዎት ነው።»

ኢድሪስ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

«አውቃለሁ» አሉ። «በመጀመሪያው ክረምት ጣሪያው አፈሰሰ። ላደርቀው ብፈታው ብስክሌት ተስሎበታል። ወላሂ፣ ብስክሌት ያለበት ኪታብ አይቼ አላውቅም።»

«ታዲያ ለምን አልጣሉትም?»

«አማና አይደል እንዴ! ጎረቤት ሲጠይቀኝም የሰው አማና ነው አልኩ እንጂ ምንነቱን አልተናገርኩም። ውሸትሽንም አብሬ አስቀመጥኩልሽ።»

«ውዱኡስ?»

«እሱ ለሸሁ ኪታቦች ነው። እነሱን ሳልነካ ያንቺን ማውረድ አልችልም።»

አለቀስኩ። ካለቀስኩም በኋላ ሳቅ መጣብኝ። ሻይ ሰጡንና የጋዜጣውን ባለቤት ታሪክ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። እስር ቤቱ ላይ ስደርስ አቋረጡኝ።

«ዋሽተው አልወጡም?»

«አልወጡም።»

«ካንቺ ይሻላሉ።»

ኢድሪስ እስኪያስለው ሳቀ። እስከ ሆጤ ድረስ «ካንቺ ይሻላሉ» እያለ መጣ።

ዓርብ

ጠርዙን እርጥበት ነክቶታል፣ አንዱ ገጽ ከመሐል ተቀዷል። ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ተመስገን።

መስኮቱ ሥር ዘርግተን፣ ኢድሪስ ዳር ዳሩን ይዞልኝ፣ ገጽ በገጽ በስልክ አነሳሁና ለሚስተር ጆሺ ልጅ ላክሁ። ከሥሩም ማክሰኞ የነገርኳት እውነት እንዳልነበረ ጻፍኩላት።

ከጁምዓ በኋላ በስልኬ የተቀዳ ድምፅ ደረሰኝ። የአክስቷ ነው። ቀጭን፣ የሚቆራረጥ ድምፅ፣ በማላውቀው ቋንቋ፣ ፊደል እንደሚለይ ተማሪ ቀስ እያለ ያነባል። ልጅቷ ከሥሩ «የአባቷን ስም እያነበበች ነው» ብላ ጽፋለች። ደጋግሜ ሰማሁት። ከዚያ ጋደም አልኩና እንቅልፍ ወሰደኝ። ስንት ጊዜዬ ነው እንዲህ ከተኛሁ!

ስለ ውሸቴ የመለሰችልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አያቴ ቢሆኑ ፊት ገጽ ላይ ያወጡት ነበር።»

ቅዳሜ

የመጽሐፌን የመጀመሪያ ገጽ ቀደድኩት። ብዙ ያማረ መግቢያ ነበር፣ ነጻነት ምንድን ነው፣ ጋዜጣ ምንድን ነው የሚል። ይብቃው።

በምትኩ ከርዕሱ ሥር እንዲህ ጻፍኩ፦

«እርማት። የዚህን መጽሐፍ ባለታሪክ ጋዜጦች ደጋን ለእማማ ዘምዘም አደራ ስሰጥ ኪታብ ናቸው ብዬ ነበር። አልነበሩም። እርሳቸው ይህን እያወቁ ጠበቁልኝ።»

ኢድሪስ አነበበና «መጨረሻው ላይ ብታደርጊውስ?» አለኝ።

«ፊት ገጽ ላይ ነው የሚሆነው» አልኩት።