ከወገብ በላይ ብቻ ለሚያሠለጥኑት አሰልጣኝ

ነሐሴ 16 ቀን 2000 ዓ.ም.
ከሚሴ

ለተከበሩ አሰልጣኝ ሙሀመድአሚን፣
የጠንክር ጂም ባለቤት፣ ዋና አሰልጣኝና የዓመታዊው የሰውነት ቅርፅ ውድድር ብቸኛ ዳኛ፤
ባሉበት።

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። አካም ጅርቱ ብዬም በሌላው ቋንቋችን ልድገመው። ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ደረትዎ ደህና ነው? ክንድዎስ፣ ግራውም ቀኙም አማን ነው? ትከሻዎ እንዴት ሰንብቷል? ስለ እግርዎ ያልጠየቅሁት ረስቼ አይደለም፤ እርስዎ ራስዎ አንድም ቀን ሲያነሡት ስላልሰማሁ በሰው ጉዳይ መግባት እንዳይሆንብኝ ነው። እኛ በአላህ ፈቃድ ደህና ነን፤ አልሐምዱሊላህ።

እኔ ዘሊካ እባላለሁ። ቤቴ ከከተማው በላይ በምትገኘው በቱሉ መንደር ነው፤ እንጀራዬ ደግሞ ገበያው ጥግ ባለችው የስፌት መኪናዬ ነው። የጂምዎ ሁለተኛ ተሸላሚ የበድሩ ባለቤት ነኝ፤ ለውድድሩ ያን ሁሉ ጥቁር ሱሪ የሰፋሁትም እኔው ነኝ። ትናንት አርባዬን ስለወጣሁና ልጄ አሁን ስለተኛችልኝ፣ ይህችን ደብዳቤ ለእርስዎም ለአገሩም በግልጽ ለመጻፍ ደፈርሁ። የምጽፈው ለራሴ አይደለም፤ እኔማ ወለድሁ፣ ተገላገልሁ። የምጽፈው በመንደራችን ወሯ ስለገባ አንዲት ሴት ነው። ቀኗ ሲደርስ ያን ቁልቁለት ማን ተሸክሟት ይወርዳል የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ ስለነሣኝ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ ቅሬታዬን ከሥሩ ልጀምር።

1ኛ. ስለ ልኬት። ልብስ ሰፊ ሰውን የሚያውቀው በሜትር ነው፤ ምላስ ይዋሻል፣ ሜትር ግን አያውቅበትም። በድሩ ጂምዎን በተቀላቀለበት ወር ደረቱ ዘጠና አራት ነበር፤ ዘንድሮ አንድ መቶ ዐሥር ገብቷል፣ ማሻአላህ፤ ሸሚዙን ሦስት ጊዜ ተርትሬ አስፍቼለታለሁ። ጭኑ ያን ጊዜ ሃምሳ ሁለት ነበር፤ ዘንድሮ ሃምሳ ነው። ሁለቱ ሴንቲ ሜትር ወደ ደረት ተሰደው ሄደዋል መሰለኝ። ስምንቱንም ተወዳዳሪዎችዎን ለክቻለሁ፤ ሁሉም ከላይ ጎተራ፣ ከታች የጎተራው እግር ናቸው።

ሱሪው ሰፊ እንዲሆን ሲያዙኝ፣ የሰው ልጅ በአደባባይ በእናትና በእኅት ፊት ጭኑን ገልጦ እንዳይቆም ብለው መሆኑን ነግረውኝ ነበር፤ እኔም ሐያእ፣ ማለትም እፍረት፣ ከኢማን ነውና መርቄዎት ጠርዙን ሁለት ጊዜ አጥፌ ሰፋሁ። እዚህ ድረስ እጅዎን እስማለሁ። ያስደነገጠኝ ከዚያ ቀጥሎ የደረሱበት ጥበብ ነው፤ እግር በሱሪ ስለተሸፈነ አይታይም፣ የማይታይ ነገር ነጥብ አያመጣም፣ ነጥብ የማያመጣ ነገር ደግሞ አይሠራም ብለው የእግርን ስፖርት ከነጭራሹ ሰረዙት። ኧረ የአላህ ያለህ! ልብስ ዐውራን፣ መሸፈን ያለበትን ገላ፣ ይሸፍናል እንጂ ከሥራ ያሰናብታል እንዴ? በዚህ አያያዝ ልብና ሳንባም አይታዩምና እነሱንም በሰረዟቸው ነበር። ግድግዳው ላይ የለጠፉትን ፕሮግራም ምሳ ላደርስ መጥቼ አንብቤዋለሁ፤ ሰኞ ደረት፣ ማክሰኞ ክንድ፣ ረቡዕ ደረት፣ ሐሙስ ትከሻ፣ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እንደገና ደረት ይላል። ብረት በትከሻ ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ ለመነሣት የተሠራችው ማስቀመጫ ደግሞ የጃኬት መስቀያ ሆና አገኘኋት። ከተሰቀሉት ጃኬቶች ሁለቱ የእጄ ሥራ ስለሆኑ ቅር አላለኝም።

2ኛ. ስለ አመጋገብ። ሌላው ወረቀትዎ አንድ ስፖርተኛ በቀን የዐሥር እንቁላል ነጩን ብቻ ይብላ፣ አስኳሉን ይተው ይላል። እኔ አምስት ዶሮዎች አሉኝ፤ ወረቀቱን ቢያነቡት ኖሮ እንደ ሰው ቤቱን ጥለው ይጠፉ ነበር። የሆነው ሆኖ አስኳሉ ሁሉ ለእኔ ተረፈኝ፤ ነፍሰ ጡር ነበርሁና ጠዋት ማታ እሱን ስበላ ከረምሁ። ለዚህ ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ፣ ከልቤ ነው፤ ልጄ ያደገችው እርስዎ በሚያስጥሉት ምግብ ነው።

የግመል ወተት ጡንቻ ይገነባል ስላሉ ደግሞ ባለቤቴ ሰኞ ዕለት ባቲ ገበያ ወረደ። የግመል ወተት ከልጅነታቸው ለለመዱት ለአፋር ወንድሞቻችን በረከት ነው፤ በድሩ ግን አንድ ጆግ ሙሉ ባንድ ትንፋሽ ጨልጦ ሚኒባስ ላይ ወጣ። ሚኒባሱ በኮምቦልቻ ዞሮ ከሚሴ እስኪገባ ስድስት ጊዜ በበድሩ ምክንያት ቆሟል፤ ረዳቱ እስከ ዛሬ ባየው ቁጥር ፊቱን ያዞራል። የተገነባው ጡንቻ ሁሉ መንገድ ዳር ቀረ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ስቄ አሳልፌው ነበር። የውድድሩ ሳምንት ሲደርስ ግን እህል ሰውነት ያላላል ብለው የጨፋ ሜዳን ማሽላ አራት ቀን ከለከሏቸው፤ ከዓርብ ቀትር ጀምሮ ደግሞ ደም ሥራቸው እንዲገተር ውኃም እንዳይቀምሱ አዘዙ። ረመዳን ገና ሁለት ወር እየቀረው፣ ስምንት ጎልማሳ ያለ ፆም ጾመ፤ ማታም ማፍጠሪያ የለው።

3ኛ. ስለ ሐምሌ አምስት። ቅዳሜ ነበር፣ የውድድሩ ዋዜማ። ረፋድ ላይ ምጤ መጣ። አዋላጃችን አሻ ሆዴን ዳስሳ ልጁ በእግሩ እየመጣ ነው፣ አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ካልወረደች እኔ የለሁበትም አለች። ያስቡት እንግዲህ፤ ከእርስዎ ሰዎች ሁሉ ለእግር ቅድሚያ የሰጠችው ያልተወለደችው ልጄ ብቻ ነበረች።

እንደሚያውቁት ወደ ቱሉ ባጃጅ አይወጣም፤ መንገዱ ድንጋይ፣ ቁልቁለትና አንድ ወንዝ ነው። በቅሬያችን፣ በመረዳጃ ዕድራችን፣ ደንብ ወላድም ሆነ በሽተኛ ሲኖር ቃሬዛ የሚሸከሙት የመንደሩ ጎልማሶች ናቸው፤ ቅሬ ተጠርቶ የቀረ ሰው ደግሞ ለራሱ ቀን ማን ይመጣልኛል ብሎ ይሰጋል። ያን ቀን ገበሬው ሁሉ ጨፋ ወርዶ ማሽላ ሲያርም፣ እቤት የተገኙት ጡንቻቸው እንዲያርፍ እንዲተኙ ያዘዟቸው ስምንቱ ጀግኖችዎ ነበሩ። ማን ይክዳቸዋል፣ ጥሪው ሳያልቅ ነው የደረሱት። ቃሬዛውን ብድግ ሲያደርጉት ጎረቤት ሁሉ ማሻአላህ አለ፤ እኔም በምጥ መካከል ሆኜ፣ የእንቁላሉ ነገር ለካ ቁም ነገር ኖሯል ብዬ ልቤ ውስጥ ይቅርታ ጠየቅሁዎት።

ይቅርታው መቶ እርምጃ አልቆየም። ማንሣት ሌላ፣ ቁልቁለት መውረድ ሌላ። ገና በመጀመሪያው ዳገት አፋፍ የፊተኞቹ ጭን እንደ ስፌት መኪናዬ መርፌ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አስቀመጡኝ። አራቱ ለአራቱ ቢለቁም ተቀባዮቹ ከለቀቁት አልተሻሉም፤ አንዱ ባቱን ቁርጠት ይዞት ሜዳ ላይ ተንከባለለ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ እኔ ለስምንት ሰው ጌጥ መሆን አቃተኝ። ሦስተኛ ጊዜ ያረፉት ወንዙ ዳር ነው፤ ከንፈራቸው ደርቆ፣ ዓይናቸው ውኃው ላይ ተተክሎ፣ ደም ሥራችን ይጠፋል ብለው አንድ ጉንጭ አልቀመሱም። ወላሂ በዓይኔ ባላይ አላምንም ነበር።

እዚያ ላይ ቀልዱ አለቀብኝ። ፈራሁ። ሰማዩ ጠቁሯል፣ ወንዙ ሊሞላ ይችላል፣ አሻ ጆሮዬ ሥር ዱዓ እያደረገች ነው፣ የምጡም መልክ ተለውጦብኛል። ከዚህ ወዲያ አልደርስም አልሁ፤ ለበድሩም ነገርሁት። አንድ መቶ ዐሥር ሴንቲ ሜትር ደረት እንደ ሕፃን ሲያለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ እግሬ እንቢ አለኝ፣ ዘሊካ፣ እግሬ እንቢ አለኝ ይል ነበር። የእርስዎን ስም አላነሣም፤ እኔ ግን አነሣሁት።

ጥሪውን ሰምተው ከማሳ ሽቅብ የወጡት የቅሬያችን መሪ ጋሽ ኢብራሂም ናቸው፤ ስልሳ ሊሞላቸው ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል፣ ደረታቸው በእኔ ሜትር ሰማንያ ስድስት ነው። ከሦስት እኩዮቻቸው ጋር ዶማቸውን ጥለው ቃሬዛውን ተቀበሉ። ጠዋት የበሉት የማሽላ ቂጣ በወተት ነው፤ ከዚያ በፊት የሠሩት ስፖርት ደግሞ አርባ ዓመት ሙሉ ያንን አቀበት መውጣትና መውረድ ነው። ስለ ዘንድሮው አረም ክፋት እያወጉ፣ አንዴም ሳያርፉ አስፋልቱ ላይ ባጃጅ ውስጥ አስገቡኝ። ልጄ ሙና ጤና ጣቢያ ቀትር ሳይሆን ተወለደች። ነርሷ፣ ግማሽ ሰዓት ብትዘገዩ ኖሮ ሁለታችሁንም ላጣችሁ እችል ነበር አለችኝ።

4ኛ. ስለ ማስታወቂያዎ። በማግስቱ እሑድ በድሩ ሁለተኛ ወጣ፤ ዋንጫው እቤት አለ፣ ቁልፍና መርፌ አስቀምጥበታለሁ። አንደኛ ያልወጣው በዋዜማው ቃሬዛ ስለተሸከመና ቀኝ ትከሻው ስላበጠ መሆኑን በሰው ፊት እንደነገሩት ሰምቻለሁ። ሚስቱን በመሸከሙ ነጥብ ቀነሱበት! ይህም አልበቃ ብሎ፣ ማንኛውም ስፖርተኛ ከጂሙ ውጪ ምንም ዓይነት ዕቃ እንዳይሸከም የሚል ማስታወቂያ በሩ ላይ ለጠፉ። ዕቃ ያሉት እኛን መሆኑን መንደሩ በሙሉ ገብቶታል። ስለ ሌላው ዝም እል ነበር፤ ብዕር ያስጨበጠኝ ይህ ነው።

ስለዚህ በትሕትና የምለምንዎት ትንሽ ነገር ነው። ያንን ማስታወቂያ ይቅደዱት። ጃኬቶቹን ከማስቀመጫዋ ላይ አውርደው ብረቱን ይመልሱላት። ልጆቹ ማሽላቸውን ይብሉ፣ ውኃቸውን ይጠጡ፤ እንቁላሉንም ከነአስኳሉ፣ እኔ ከእንግዲህ አያምረኝም። ሐያእ ይነካል ብለው ከሰጉ፣ ለእግር ልምምድ የሚሆን ሰፊ ሱሪ ለስምንቱም በነፃ እሰፋለሁ። መሣሪያ የለኝም ካሉ ደግሞ የቱሉ ቁልቁለት አለ፤ ሁለት ጆንያ ማሽላ ቃሬዛ ላይ ጭኖ መውረድና መውጣት ነው፤ ጋሽ ኢብራሂም ያለ ደመወዝ ሊያሠለጥኑ ፈቃደኛ ናቸው። እርስዎንም ጭምር።

ቢዘገዩ ግን አይሆንም። ያነሣሁልዎት ሴት የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ይወለድ በሚለው ወጋችን ወደ ቱሉ መጥታ ቀኗን እየጠበቀች ነው። ረመዳን ሊገባ ዐሥር ቀን ቀርቶታል፤ የምትወልደው በፆሙ መካከል ነው፤ ተሸካሚው ሁሉ ፆመኛ፣ ቁልቁለቱ በዝናብ ሳሙና፣ ገበሬውም ያን ቀን የት እንደሚውል አላህ ነው የሚያውቀው። ስምንት ባለ ጡንቻ ያላት መንደር ውስጥ ሆና ትፈራለች፤ እኔም እፈራላታለሁ።

ለእስካሁኑ ልፋትዎ፣ ባሎቻችንን ከፊት ለፊት ሲያዩዋቸው የሚያኮሩ ስላደረጉልን፣ ለሸሚዝ ማስፋት ሥራዬም የማያልቅ ገበያ ስላመጡልኝ በቱሉ ሴቶች ስም አመሰግናለሁ። አላህ ልብዎን እንደ ደረትዎ ያስፋልዎ፣ ዕድሜዎን ያርዝምልዎ፣ ከበር እስከ ወንበር ብቻ ሳይሆን ከዚያም አለፍ ብለው የሚሄዱበትን ብርታት ይስጥዎ፤ አሚን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ዘሊካ፣ ልብስ ሰፊ፣ የሙና እናት፣
በስምንት ሰው ተነሥታ በአራት ሰው የደረሰች

ግልባጭ፦
ለቱሉ ቅሬ፤
ለጂሙ በር፣ ከማስታወቂያው በላይ የሚለጠፍ፤
ለባለቤቴ ለበድሩ፣ ጮክ ተብሎ የሚነበብለት።

ማሳሰቢያ፦ የነፍሰ ጡሯን ስም በአደባባይ መጥራት ነውር መስሎኝ ትቼው ነበር፤ ደብዳቤውን ሳነብላት ግን ራሷ ጥሪኝ አለችኝ። ፊርደውስ ናት፣ ባለቤትዎ። ሊጠይቋት መጥተው ከአቀበቱ አጋማሽ ጉልበቴን አመመኝ ብለው ከተመለሱ ወዲህ እንዳላየችዎት ነግራኛለች። ቅሬው የቃሬዛውን ተራ ሲያወጣ የፊት ቀኙን ለእርስዎ መድቧል፤ ሃያ ቀን አለዎት።