ሳልሳ የነካው ቀሚስ

ጅቡቲ ወደብ ለምትሠራው ወንድሜ ለተክለሃይማኖት ይድረስ። እንዴት ሰነበትህ? ወገብህስ ተሻለህ? የዚያ አገር ሙቀት እንቅልፍ ይነሣል ይሉናል፤ ባለቤትህና ልጆቹ እንዴት ቻሉት? እኛ ካገኘን ኀዘን በቀር ጤናችን ደህና ነው፤ ቆመን እንሄዳለን። እኔም ስፌቱን አልተውኩም። ጊዮርጊስ ሥር ያለችው ሱቅ እንደምታውቃት ናት።

የእህታችን የአይናዲስ ልጅ የጽጌ መርዶ እዚያ ባሉ ሽማግሌዎች በኩል እንደደረሰህ ሰምቻለሁ። በላክኸው ደብዳቤ «አይናዲስ አለቀሰች ወይ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። የምመልስልህ እሱን ነው። ወረቀቱን በፖስታ ቤት ሳይሆን ወደ ጅቡቲ በሚመላለስ ሾፌር እጅ የላክሁትም እንደ ልቤ እንድጽፍልህ ብዬ ነው።

አላለቀሰችም ነበር። ከጽጌ ጋር የዘመተ ልጅ ከሰሜን ጦር ግንባር በክራንች ተመልሶ «ሲወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ፤ አልተነሣም» ብሎ ነገረን። እንደ ደንቡ ጎሕ ሳይቀድ ሽማግሌ ይዘን ደጇን አንኳኳን። ሰምታን ስታበቃ «ሬሳውን ያየ ያልቅስ፤ እኔ አላየሁም» አለችና መጥረጊያ አንሥታ ቤቷን መጥረግ ያዘች። እግራችንን አንሡ እያለች ጠረገች። የእድሩ ድንኳን መጥቶ ሳይተከል ተመለሰ። ሊያጽናናት የሄደውን ሁሉ «ማን ሞቶ?» እያለች አሳፈረችው። እንባ ያልወጣላት ሴት ምን እንደምትሆን ታውቃለህ። ከሳች፤ ልብሷ ተንጠለጠለባት።

አሁን የምነግርህ ነገር ቀልድ ይመስልሃል፤ ግን ታገሠኝ። እዚህ ፒያሳ ቪዲዮ ቤት እንደ አሸን ፈልቷል። ወጣቱ የሚወደው ጭምብል ያጠለቀ ሰው ጎረምሳና ኮረዳ እያሳደደ የሚያርድበትን የውጭ ፊልም ነው። እኔ አንድ ቀን ገብቼ ሳይጋመስ ወጣሁ። በሺ ዘጠኝ መቶ ሰባ፣ በቀይ ሽብሩ ጊዜ፣ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም ስንወጣ መንገድ ላይ ያየነውን አንተም አትረሳውም። ደም ለማየት የሚከፍል ሰው ነገር አልገባ ቢለኝ ጽጌን ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ ይኼኛው እኮ ሲያልቅ መብራት ይበራል» አለኝ።

ጽጌ ከመዝመቱ በፊት እሱና ጓደኛው ካሕሳይ እንዲህ ያለ ፊልም ራሳቸው ሠርተው ነበር። ካሕሳይ ሠርግ በቪዲዮ የሚያነሣ ልጅ ነው። ከሠርግ በተረፈ ካሴት ጫፍ ላይ በግቢያቸው ቀረጹት። ነፍሰ ገዳዩ የሥጋ ቤት ጋዋን ለብሶ ጆንያ ያጠለቀ ነው። ደሙ ሳልሳ ነው፤ በጣሳ የሚሸጠው፣ ወጥ ውስጥ የሚገባው። ሟች የሚሆን ሰው ስላነሰባቸው ጽጌ ልብስ እየቀየረ ሦስት ጊዜ ሞተ። የሠፈሩ ልጅ እያየ በሳቅ ሲንፈራፈር ከርሟል። እኛ ቤት ግን ወሬው አልደረሰም ነበር።

አንዲት ጎረቤት አይናዲስን አትክልት ተራ አግኝታት፣ የምታጽናናት መስሏት «ልጅሽን በቪዲዮ አየሁት፤ ሲናገር ሲስቅ ያው ራሱ ነው» አለቻት። አይናዲስ ዘንቢሏን እንደያዘች ሱቄ መጣችና አሳዩኝ አለች። ባለቤቴ ጥሩነሽ ተቆጣች። «ልጇን ሲታረድ ልታሳያት ነው? አንተ ልብ የለህም?» አለችኝ። አይናዲስ ግን እንዲህ ብላ አፋችንን አስያዘችን፦ «እናንተ ሳታሳዩኝ ሞተ አላችሁኝ። እነሱ ሲሞት እያሳዩ አልሞተም ይላሉ። የሚያሳየኝን ልይ።»

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቪዲዮ ቤቱ ሳይከፈት ካሕሳይ አስገባን። ካሴቱን ማጫወቻው ውስጥ ከተተ። መጀመሪያ የማናውቃቸው ሙሽሮች ኬክ ሲቆርሱ ታዩ። ቢላዋው ኬኩ ላይ እንዳለ ስዕሉ ተቋረጠና ባለ ጆንያው ሌላ ቢላዋ ይዞ ብቅ አለ። ጽጌ ደብተር ታቅፎ ሲሮጥ ታየ። ተወጋ። «እማዬ!» ብሎ ጮኸ። አይናዲስ «ወዬ» አለች። ካሕሳይ ሊያጠፋው ተነሣ፤ በእጇ ምልክት አስቀመጠችው።

ቀጥሎ በከሰል ጢም ተስሎለት ባርኔጣ ደፍቶ፣ ሀብታም ነጋዴ ሆኖ መጣ። እሱም ሞተ። በሦስተኛው ሻሽ አስሮ በምርኩዝ የሚሄድ አሮጊት ሆኖ ሲገባ አይናዲስ ከወንበሯ ብድግ አለች። «ቀሚሴን! አይጥ በላው ብሎኝ ነበር እኮ! አንተ ውሸታም!» አለች። ሳቀች፣ ተክሌ። መማል ነውር ባይሆንብኝ እምልልህ ነበር፤ ጮክ ብላ ሳቀች። እኛም ሳቅን። አሮጊቷ ገዳዩን በምርኩዝ ደበደበችው፤ በመጨረሻ ግን እሷም ተወጋችና ሳልሳ በሳልሳ ሆና ተዘረረች።

ካሜራው ሬሳው ላይ ቆየ። ያን ጊዜ ሁላችንም አየነው፤ የቀሚሱ ሆድ ከፍ ዝቅ ይላል። ካሕሳይ እንዳፈረ ሰው «ትንፋሽህን ያዝ ብዬው ነበር፤ ሳቁ መጣበት። ካሴት ስላልነበረን ደግመን አላነሣነውም፤ ስሕተት ነው እትዬ» አላት። «መልሰው» አለች። መለሰው። ስክሪኑ ድረስ ሄዳ ቆማ አየች። እኔ፣ ይህቺ ሴት ዛሬ አእምሮዋን ሳተች፣ ልጄ በሕይወት አለ ልትል ነው ብዬ ፈራሁ።

ዘወር ብላ ካሕሳይን «ከዚህ በኋላ ተነሣ?» ብላ ጠየቀችው። «ተነሣ፤ ሳልሳውን በጣቱ እየጠረገ ላሰውና ሻይ ጠጣን» አላት። እሷም «ያኛው ባለ ክራንቹ ልጅ አልተነሣም ነው ያለኝ። እሱም አይቶ ነው» አለች። ከዚያ ነጠላዋን አወረደች፤ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ አዘቅዝቃ ለበሰች። ወደ አደባባዩ ስትወጣ ያያት ጎረቤት ምንም ሳይጠይቅ ተከተላት። ቤቷ ሳትደርስ ድምፅዋ ወጣ። ድንኳኑ በዚያው ቀን ተተከለ።

እንግዲህ አልቅሳለች፤ ዕረፍ። ጥቁር ቀሚስ ላክላት ብዬ ልጽፍልህ ስል ከለከለችኝ። ያንኑ ቀሚስ ከጽጌ አልጋ ሥር ተጠቅልሎ አገኘችውና ጥቁር አስነከረችው። ሳልሳው የነካው ቦታ ቀለሙን አልቀበል ብሎ ቀላ እንዳለ ቀርቷል። ደግሜ ላስነክርልሽ ብላት እምቢ አለች፤ ለብሳው ትውላለች።

ጥሩነሽ አንተንም ባለቤትህንም በናፍቆት ሰላም ትላለች። ልጆቻችን ጉንጭህን ይስማሉ። ካሕሳይም የጽጌን አጎት ሰላም በሉልኝ ብሏል፤ ከዚያ ወዲህ ሠርግ ብቻ ነው የሚያነሣው። አይናዲስ ደግሞ፣ ተክሌ ብቻውን እንዳያለቅስ፣ ሰው ቤት ሄዶ ያልቅስ ብላሃለች።

ወንድምህ አባይነህ
ፒያሳ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር ፳፬ ቀን ፲፱፻፹፩ ዓ.ም.