ቤቱን ልልቀቅ፤ ግን በየት በኩል ልውረድ?

ለክቡር የሕንፃችን ባለቤት፦

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ፣ በተለይም ሁለቱ ጉልበቶችዎ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኔ በሦስተኛው ፎቅ የምኖረው ልብስ ሰፊ፣ ከግራ እግሬ በስተቀር ደህና ነኝ። በአደባባይ የምጽፍልዎት ስልክዎ አልነሳ ስላለኝ ነውና ድፍረቴን ይቅር ይበሉ።

አንደኛ፣ የደረጃው መደገፊያ ብረት እየተነቃነቀ ነው ብዬ ደጋግሜ ባመለከትኩ ቁጥር፣ «ብረቱ እኮ ለጌጥ ነው» ብለው ስላስረዱኝ ከልብ አመሰግናለሁ። እኔ ግን ምክር የማይገባኝ ሰው ነኝና፣ የደንበኛ ቀሚስ ታቅፌ ስወርድ ደረጃው ከእግሬ ሥር ሲፈረፈር ጌጥዎን ጨበጥኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ እኔም ብረቱን ሳልለቅ፣ ብረቱም እኔን ሳይለቅ፣ እስከ ሁለተኛው ፎቅ አብረን ወረድን። ቀሚሱ አንድ ክር እንኳ አልተመዘዘበትም፤ የተሰበረው የጭኔ አጥንት ነው።

ሁለተኛ፣ ከሆስፒታል ስመለስ ጎረቤቶቼ በወንበር ተሸክመው አወጡኝ። ከኋላ የያዘው አናጺ ላቡን እየጠረገ፣ «እትዬ፣ ማውጣቱንስ አወጣንሽ፤ በዚህ ደረጃ ማውረዱን ግን እኔ አልደፍርም» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ዓለሜ መስኮቴ ሆኗል። ደንበኞቼ ከታች ይጣራሉ፣ ልጄ ጨርቁን በገመድ ትስባለች፤ የሰው ወገብ ግን ከሦስተኛ ፎቅ አይለካም። ሐኪሙ ተመለሽ ያለኝ ቀንም አልፏል። ልጄ ወደ ሥራ ልትሄድ በሩን ስትዘጋ፣ እሳት ቢነሳስ እያልኩ የማስበውን ለእሷ አልነግራትም።

ሦስተኛ፣ እንዲክሱኝ ልጄን ብልክብዎ፣ «ብረቱ መላላቱን እያወቀች የያዘችው የራሷ ጥፋት ነው፤ ማወቋንም ስንቴ ነግራኛለች» ማለትዎን ሰማሁ። ለካ አቤቱታዬን ሁሉ በጥሞና ሲያዳምጡ ኖረዋል! ጉዳዩን ፍርድ ቤት ስወስደው ይህንኑ ዳኛው ፊት ቃል በቃል እንዲደግሙልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ያወቀ ተከራይ ጥፋተኛ ከተባለ፣ ያወቀ ባለቤት ምን እንደሚባል ዳኛው ይንገሩን።

ደግሞ አሁን፣ «ካልተስማማት ትልቀቅ» ብለው በዘበኛው ልከውብኛል። ትእዛዝዎን ላከብር ተነስቼ፣ በምርኩዝ እያነከስኩ እስከ ደረጃው አፍ ደረስኩ፤ ቁልቁል አየሁ፤ ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩና ተመለስኩ። መልቀቁንስ በደስታ፤ መውረጃውን ብቻ ያመልክቱኝ።

ባሉበት ቦታ ሁሉ መሬቱ ይጽናልዎት እያልኩ፣ ከከፍታዬ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ፤
ውጪ ተብላ መውረጃ ያጣችው ተከራይዎ።

ሳልረሳው፦ ክብርት እናትዎ ሊያስታርቁን ትናንት እኔ ዘንድ ወጥተው ነበር። እንደገቡ ከኋላቸው ሌላ ደረጃ ስለተናደ፣ «ልጄ ራሱ መጥቶ ያውርደኝ እንጂ ንቅንቅ አልልም» ብለው አልጋዬ ላይ አረፍ ብለዋል። ስለ እርሳቸው አያስቡ፣ ደህና ናቸው። ፍርድ ቤት ቀርበው ሊመሰክሩልኝም በገዛ ፈቃዳቸው ቃል ገብተውልኛል፤ የቸገረን መውረዱ ብቻ ነው።