ጆሮዋን ስላጠናከሩልን

ለክቡር አቶ ይሄነው
የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር
መካነ ሰላም

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

የአላህ ሰላምና ጤና ከእርስዎ፣ ከባለቤትዎና ከልጆችዎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለከተማችን ትምህርት ብዙ ከደከመው ከቀኝ እጅዎ አይለይ እያልኩ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ሥጋ ቤት ያለኝ እኔ የኢልሀም አባት አሕመድኑር እጅ ነስቼ ይህን ደብዳቤ እጽፍልዎታለሁ። እንደ ወጉ ቢሆን ቢሮዎ ድረስ ይዤው መምጣት ነበረብኝ። ነገር ግን ባለፈው ወደ ግቢዎ ስመጣ በእጄ የያዝኩት ወረቀት ስላልነበረ፣ ሁለተኛ በዚያ በር እንዳልደርስ ፖሊስ አስፈርሞኛል። ስለዚህ ሰው በሚያልፍበት ግድግዳ ሁሉ ላይ ለጥፌዋለሁና፣ እግር ጥሎዎት ሲያልፉ ቆም ብለው እንዲያነቡልኝ በትህትና እጠይቃለሁ።

የማመሰግንዎ በብዙ ነገር ነው። እንዳይዘበራረቅብኝ በቁጥር አድርጌዋለሁ።

1. በመጀመሪያ ለልጄ ስለተጨነቁላት አመሰግናለሁ። ኢልሀም ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ የምታወራው መኮንን ስለመሆን ብቻ እንደሆነ፣ እናቷ ሩቂያም ነርስ እንድትሆን ለምና ለምና እንደሰለቻት ሰፈሩ ያውቃል። ዘንድሮ አስራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳ የመኮንኖች አካዳሚው የምልመላ ማስታወቂያ ሲወጣ፣ እርስዎ አምስቱን አመልካቾች ሰብስበው፣ እኛንም ወላጆችን ጠርተው፣ ማመልከቻ በወረቀት ብቻ እንደማይጠነክር፣ ልጁም አብሮ መጠንከር እንዳለበት አስረዱን። ከሁሉም ጮክ ብዬ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ። ለሌላው ተማሪ የሒሳብና የፊዚክስ ማጠናከሪያ ሲሰጥ፣ ለእነ ኢልሀም በየማለዳው እርስዎ ራስዎ የሚሰጡት ማጠናከሪያ ተጀመረ። ለማመልከቻዋ የሚሆን የድጋፍ ደብዳቤም ያን ሰሞን ጽፈው ማኅተም አደረጉበት። ልጅቱ ትጉህ፣ ቆራጥና «ትዕዛዝ ሰሚ» እንደሆነች፣ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ መንገር እንደማያስፈልግ ይመሰክራል። ሩቂያ ደብዳቤውን ስታስነብበኝ አልቅሳለች።

2. ቀጥሎ የማመሰግነው ስለ ማጠናከሪያው ይዘት ነው። አንድም ቀን የወታደር ጫማ አጥልቀው የማያውቁ ሰው፣ ከፊልም ብቻ ይህን ያህል መማርዎ ትምህርት በማንኛውም መንገድ እንደሚገኝ ለከተማችን ወጣቶች ጥሩ ማሳያ ነው። ለአዲሱ ክፍል ግንባታ በተራገፈው ጠጠር ላይ ልጆቹን በክርናቸውና በጉልበታቸው አስኬዷቸው። በዚያ ብርድ ድንጋይ ከራሳቸው በላይ አስይዘው አንበረከኳቸው፤ ክንዱ የዛለውን ደግሞ ጀርባውን በኤሌክትሪክ ገመድ ገረፉ። ሩቂያ ማታ ማታ የኢልሀምን ጉልበት በጨው ውኃ አጥባ ጠጠሩን በመርፌ ስታወጣ፣ ልጅቱ ጩኸቷ እንዳይሰማ ትራስ ትነክስ ነበር። ይቅርብሽ ብላት ተቆጣችኝ፤ ይህን ያልቻለ አካዳሚውን አያስበው ብለዋት ነበርና።

3. ሦስተኛው ምስጋናዬ ረዘም ስለሚል ትዕግሥትዎን እለምናለሁ። ኪዳነማርያም የሚባለውን አመልካች ያስታውሱታል። ከገጠር መጥቶ እዚህ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ ነው፤ ስንቁ ካለቀበት እናቱ ለገበያ እስክትመጣ ድረስ ጦሙን ይሰነብታል። ያን ዕለት ማለዳ በሩጫው መሀል ወደቀ። እርስዎም ወታደር አይወድቅም ብለው ጎኑን በጫማዎ ረገጡት። አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ሊያስነሱት ነው ብለን በቀና በተረጎምንልዎት ነበር፤ እርስዎ ግን ልጁ ደም የተቀላቀለበት ምራቅ እስኪተፋ ድረስ ደጋገሙት። ሲደክምዎ ገመዱን ለኢልሀም ሰጧት። የአምስቱ አለቃ አድርገው ሾመዋት ስለነበር፣ እስኪነሳ እንድትገርፈው አዘዙ። እሷም ገመዱን ተቀብላ መሬት ላይ አስቀመጠችና «የወደቀ ሰው አልመታም» አለች።

እዚህ ላይ የተናገሩትን ቃል ሳልቀንስ ሳልጨምር እጠቅሰዋለሁ። «ይቺ ልጅ አትሰማም» አሉ። ከዚያም በሙሉ መዳፍዎ ግራ ጆሮዋ ላይ አጮሏት። ደሙ በአንገቷ ወርዶ ሹራቧ ውስጥ ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ክቡር ሆይ፣ ልጄ በግራ ጆሮዋ አትሰማም። በየመሥሪያ ቤቱ ብዙ ኃላፊ አይቻለሁ፤ የተናገረውን ወዲያው በዚያው ቅጽበት ሥራ ላይ ያዋለ ግን ከእርስዎ በቀር አላየሁም።

እኔ ሥራዬ ማረድ ነው። ደም አያስደነግጠኝም፤ ዕድሜዬን ሙሉ በደም እጄን ስታጠብ ኖሬያለሁ። ይሁንና ዲናችን ለሚታረድ በግ እንኳ ቢላዋ ፊት ለፊቱ አይሳል ይላል፤ ሌላው ሲታረድም እንዲያይ አይደረግም። አባቴ ይህን ያስተማረኝ ጢሜ ሳይበቅል ነው። እርስዎ አራት ልጆች አቁመው እያሳዩ አንዱን ሲረግጡ፣ ለእኔ በጎች የማደርገውን ያህል አላደረጉላቸውም።

4. አራተኛው ምስጋና ለእርስዎ ሳይሆን ለዘበኛዎ ለጋሼ አድማሴና ለብረት በሩ ነው። ኢልሀም ወደ ሥጋ ቤቱ ስትመጣ ጎድን እየፈለጥኩ ነበር። ምን ሆነሽ ነው ብላት እኔን ለመስማት አንገቷን አዙራ ቀኝ ጆሮዋን ሰጠችኝ። የደረቀውን ደም አየሁ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው መጥረቢያውን እንደያዝኩ መንገድ ላይ ስሮጥ ነው። ነገሩን ላሳምረው አልፈልግም፤ የመጣሁት ልገድልዎ ነበር። ጋሼ አድማሴ በሩን ቆልፈው ከውስጥ በጀርባቸው እየደገፉ «አሕመድኑር፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ በማርያም ይዤሃለሁ» ይሉና ያለቅሱ ነበር። ለእርስዎ ያሰብኩትን ሁሉ በሩ ተቀበለልዎ። መጥረቢያው ላሜራውን በስቶ ሲገባ፣ እርስዎ በቢሮዎ መስኮት ወጥተው የጓሮውን አጥር እንደዘለሉ በኋላ ሰማሁ። አጥሩ ረጅም ነው፤ ማጠናከሪያው ለአሠልጣኙም እንደጠቀመ ተረዳሁ።

ያን ሌሊት ጣቢያ አደርኩ። ኢልሀም ልትጠይቀኝ መጥታ፣ ገድዬዎት ቢሆን ኖሮ እሷ በማመልከቻዋ ላይ የነፍሰ ገዳይ ልጅ ተብላ እንደምትጻፍ ነገረችኝ። ከእንግዲህ መጥረቢያውን ለአጥንት ብቻ እንዳነሳው አስማለችኝ። እኔም ማልኩ። ንዴቱ ግን ከሆዴ አልወጣም፤ ሥጋ በከተፍኩ ቁጥር የማስበው እርስዎን ነው። ደንበኞቼ ሰሞኑን ሥጋው ከልክ በላይ ደቀቀ እያሉ ያማርራሉና ጥፋቱ ከማን እንደሆነ በዚህ አጋጣሚ ይወቁልኝ።

5. የመጨረሻው ምስጋናዬ ከሁሉም ይበልጣል። ሽማግሌ ልከው፣ የመታኋት ለእድገቷ ብዬ ነው አስባሉ፤ እኔም ሽማግሌዎቹን አክብሬ አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ የአካዳሚው መልማዮች ላዘዙት የጤና ምርመራ ደሴ ይዣት ሄድኩ። ሐኪሟ ከጀርባዋ ቆማ በሹክሹክታ ቁጥር ስትጠራ፣ ኢልሀም በቀኝ በኩል የተጠራውን ሁሉ መለሰች። በግራ በኩል ሲሆን ግን ሐኪሟ መጥራት መጀመሯንም አላወቀችም፤ መቼ ነው የሚጀመረው ብላ ዞራ ጠየቀች። የጆሮዋ ታምቡር በምት ተቀዷል። ሐኪሟ እንዲህ ያለው ቀዳዳ ብዙ ጊዜ በራሱ እንደሚገጥም አጽናናችን። መልማዮቹም ሰዎች ናቸውና፣ ጉዳቱ መቼና እንዴት እንደደረሰባት ትምህርት ቤቱ በጽሑፍ ካረጋገጠ ስትድን በሚቀጥለው ዙር እንደሚያዩዋት፣ ከድሮ የነበረ ሕመም ከሆነ ግን ፋይሏ እንደሚዘጋ ነገሩን። ልጄ ከደሴ እስከ አቀስታ በአውቶቡሱ ውስጥ ስታንጎራጉር መጣች። ተስፋ አድርጋ ነበር።

እርስዎም አላሳፈሯትም፤ በማግስቱ ጻፉላት። ተማሪዋ ከልጅነቷ ጀምሮ የመስማት ችግር ያለባት መሆኗን ትምህርት ቤቱ ያውቃል ብለው ጻፉ። በፊተኛው ደብዳቤ ትዕዛዝ ሰሚ፣ በኋለኛው ደንቆሮ፤ በሁለቱም ላይ ያው ማኅተም፣ ያው ፊርማ። ኢልሀም አንብባው ጓሮ ሄዳ በጡጫዋ ግድግዳውን ስትመታ ቆየች፤ ጣቶቿ ደም በደም ሆነው ሩቂያ ጎትታ አስገባቻት። በጆሮዋ ያላለቀሰች ልጅ በዚያች ወረቀት አለቀሰች፤ እኔም አብሬያት አለቀስኩ።

ክቡር ሆይ፣ ይህን ሁሉ የዘበዘብኩት አንድ ነገር ለመለመን ነው። ካሳ አልጠየቅኩም፤ ይቅርታዎንም አልፈልግም፤ በሩንም እኔው አስበይደዋለሁ። የምለምንዎ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ጆሮዋን የመታኋት እኔ ነኝ» ብለው ቀኑን ጨምረው ይጻፉ። መልማዮቹ ፋይሏን የሚዘጉት በዚህ ወር መጨረሻ ነው። ያ ቀን ካለፈ፣ ልጄ ጆሮዋ ድኖ እንኳ በእርስዎ ፊርማ ደንቆሮ ሆና ትቀራለች። ሹመትዎን የሚያስፈራዎ ከሆነ አይዞዎት፤ በዚህ አገር ልጅ በመምታት ከወንበሩ የተነሳ ርዕሰ መምህር እስካሁን አላየሁም። እኔ መሐላዬን ጠብቄ በመጥረቢያ ፈንታ እስክርቢቶ አንስቻለሁ። እርስዎም ከገመዱ ይልቅ የሚቀለውን ቢያነሱ ምን አለበት?

ውለታዎን በምን እንደምመልስ ቀንና ሌሊት ከማሰብ ያላቋረጥኩ፣ ለእድሜዎ መርዘም እጅግ ብዙ ትዕግሥት እያወጣሁ ያለሁ፣ አክባሪዎ

አሕመድኑር
የኢልሀም አባት

ግልባጭ፦
ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት
ለአካዳሚው መልማዮች
ለወላጅ መምህር ኅብረት
ለሥጋ ቤቴ በር

እግረ መንገዴን፦ የማለዳው ማጠናከሪያ ሠልጣኝ በማጣት መቋረጡን ሰምቼ አዘንኩ። እንዳይጨነቁ፣ አራቱም ልጆች አሁን በአቀስታ መንገድ ከኢልሀም ጋር ይሮጣሉ፤ የምታሠለጥናቸው እሷ ናት። ጠጠርም ገመድም የለም፤ የወደቀ ካለ ቆመው ይጠብቁታል። ኪዳነማርያም ጎኑ ተሽሎት ተመልሷል፤ የሚሮጠውም ሁልጊዜ በኢልሀም ግራ በኩል ነው። ለምን ቦታ እንደማይቀይር ብጠይቀው፣ በዚያ በኩል የሚመጣውን እሷ ስለማትሰማ እኔ ላይላት ብዬ ነው አለኝ። መኪና ማለቱ መስሎኝ ነበር። ለካ እርስዎን ማለቱ ነው።