በስንዴው ላይ የፈጀሃቸው ዝይዎች

ልጄ ሰይፈሚካኤል፣ በሰው አገር ፈጣሪ ከክፉ ይጠብቅህ። ጉልበቴ ተሽሎኛል፤ የአዳማ ሙቀት ዘንድሮ በርትቷል። ቁጣዬ ግን አልበረደም።

የመጣህ ጊዜ ጎረቤታችን ኡበይደላ ሁሩታ ወዳለው እርሻው ወስዶ ጠመንጃውን ያዋሰህ፣ ወደ ሰማይ ተኩሰህ የዱር ዝይዎቹን ከስንዴ ቡቃያው እንድታባርርለት ነበር። አንተ ግን መሬት ላይ የሚግጡትን ፈጀሃቸው፤ የቆሰሉትን እንኳ ሳትፈልግ ፎቶ ተነሥተህ ተመለስክ። ይህን አደን ትለዋለህ? ከሄድክ በኋላ ሚስቱ ሑስና ክንፏ የተሰበረ ዝይ ቦይ ውስጥ አግኝታ፣ «እትዬ፣ ልጅዎ የጀመረውን እኔ ጨረስኩት» አለችኝ። አባትህ አንዲት ቆቅ አቁስሎ ሲያጣት እስኪመሽ ይፈልጋት ነበር።

ኡበይደላ ዛሬም ሰላም ይለኛል፤ ስለ አንተ መጠየቅ ግን ትቷል። እኔ በአንተ ፈንታ ይቅርታ አልለምንም። እባክህ ልጄ፣ ራስህ ደውልለት። እግዚአብሔር ልብ ይስጥህ፤ ለይቅርታም አንደበትህን ይፍታልህ።

እናትህ ዘውድነሽ